ዋሽንት ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ

ክራር ያነሳ ጀማሪ ክሩን ሲነካ፣ ያማረም ይሁን ያላማረ፣ አንድ ድምፅ ይሰማል። ከበሮ የመታም እንዲሁ። ዋሽንት ለጀማሪ እንዲህ ቸር አይደለም። አፉ ላይ አስደግፎ ሲነፋው የሚወጣው ሽው የሚል ባዶ አየር ነው። ተማሪው ትንፋሽ እስኪያጥረው ይነፋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ሸምበቆውን አገላብጦ ያየዋል፣ የተበላሸ ዕቃ የሸጡለትም ይመስለዋል። ዋሽንቱ ግን ደህና ነው።

ያስቸገረው የአሠራሩ ቀላልነት ነው። ዋሽንት ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ነው። እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ምላስ አልተሰካበትም፤ እንደ ፊሽካ አየሩን የሚመራ ጠባብ መተላለፊያም የለውም። ያንን ሁሉ ሥራ የሚሠራው የነፊው ከንፈር ነው። የዋሽንቱ አፍ ከንፈር ላይ በሰያፍ ያርፋል፤ ከንፈር ጠበብ ብሎ ቀጭን አየር ይለቃል፤ አየሩ ፊት ለፊት ካለው የሸምበቆው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ድምፅ ይወለዳል። ዋሽንቱ ትንሽ ዘንበል ካለ ወይም ከንፈር ከላላ ድምፁ ይሰወራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትምህርት እንግዲህ ያቺን ቦታ መፈለግ፣ ማጣት፣ እንደገና ማግኘት ነው። ብዙ ሰው ዋሽንትን የሚተወው እዚህች ላይ ነው። ትንሽ ትንሽ እየነፋ፣ ራሱን ሲያዞረው እያረፈ፣ በየቀኑ የሚመለስ ተማሪ ግን አንድ ቀን ድምፁን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ከንፈሩ መንገዱን እየለመደ ይሄዳል።

ድምፁ ከተገኘ በኋላ ያለው ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ የተቃና ነው። በተለመደው ዋሽንት ላይ ያሉት የጣት ቀዳዳዎች አራት ናቸው። አራቱም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ደግሞ ሌሎች አራት ድምፆች ይወጣሉ፤ በድምሩ አምስት። የሀገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ የተዋቀሩት በአምስት አምስት ድምፆች ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ለአንድ ሙሉ ቅኝት ይበቃል ማለት ነው። ነፊው ጣቶቹን ሳይቀይር ትንፋሹን ጠንከር፣ ከንፈሩንም ጠበብ ሲያደርግ እነዚያው አምስት ድምፆች አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይመለሳሉ። ከአንዲት ቀላል ሸምበቆ እንዲህ ሰፊ የድምፅ ክልል መውጣቱ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ብልሃት ነው።

የቀዳዳዎቹ ቦታ ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ አይንቀሳቀስም። ክራር ተጫዋች ክሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ከትዝታ ወደ ባቲ ሊሻገር ይችላል። ዋሽንት ነፊ ይህ ዕድል የለውም፤ ቀዳዳውን ግማሽ በግማሽ እየደፈነ ጥቂት ማስተካከል ቢችልም፣ ቅኝቱ ወይም የዘፋኙ የድምፅ ከፍታ ሲለወጥ ሌላ ዋሽንት ያነሳል። መድረክ ላይ ያሉ ዋሽንት ነፊዎች ረጃጅምና አጫጭር ሸምበቆዎችን በአንድ ማኅደር ይዘው የሚታዩት ለዚህ ነው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሠሪዎች ከሁለት አንጓ መካከል ቀጥ ያለውን ሸምበቆ መርጠው ይቆርጣሉ፤ በጋለ ብረት ይበሱታል። ከተማ ውስጥ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧም ለዋሽንት ሥራ ከዋለ ቆይቷል። ሸምበቆ የሚሰጠውን ሙቀት ያለው ድምፅ አይሰጥም የሚሉ ቢኖሩም፣ ለተማሪ ግን ጥሩ ነው፤ አይሰነጠቅም፣ በውኃ ይታጠባል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ያስተምር ነበር? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መስኩ። ዋሽንት የእረኛ መሣሪያ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከከብት ጋር ያለ ልጅ ውብ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ትቶ እረኝነት እንደ ትምህርት ቤት ምን ምን እንዳሟላ ማሰብ ይጠቅማል። እረኛው ረጅም ሰዓት ነበረው። ያልተስተካከለ ድምፅ ሲያወጣ ዝም በል የሚለው ጎረቤት በአጠገቡ አልነበረም። ከእሱ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ትንሽ የተሻለ የሚነፋ ሌላ እረኛ በአቅራቢያው ነበር። መሣሪያው ቢሰበር ከወንዝ ዳር ሌላ ሸምበቆ ይቆርጣል። ከሁሉም በላይ የሚነፋውን ዜማ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ከሠርጉ፣ ከለቅሶው፣ ከአጨዳው ሲሰማው አድጓል። ጊዜ፣ ነፃነት፣ መምህር፣ መሣሪያና የጠገበ ጆሮ፤ የሙዚቃ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ብዙ አይፈልግም።

ያ ትምህርት ቤት እየተዘጋ ነው፤ የሚዘጋውም በመልካም ምክንያት ነው። ልጆች ወደ ቀለም ትምህርት ይሄዳሉ። የግጦሽ መሬት ይጠባል። ወጣቱ ወደ ከተማ ይጎርፋል። እረኛው ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት በመግባቱ የሚያዝን ሰው ሊኖር አይገባም፤ ለዋሽንት ሲባል ልጅ ከትምህርት ይቅር የሚልም የለም። ልጁ ከመስክ ወደ ክፍል ሲገባ ዋሽንቱ አብሮት አለመግባቱ ግን የእኛ ጥፋት ነው። ደብተሩን ሰጥተን ሸምበቆውን በር ላይ አስቀመጥነው።

መንግሥት የትንፋሽ መሣሪያን ማስተማር ያውቅበታል፤ ይህ በታሪክ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሰምተው አርባዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የነሐስ መሣሪያ፣ መምህር፣ ደመወዝና ኖታ ተሟልቶ ከተሰጠ በኋላ የመጣውን ፍሬ ሁሉም ያውቃል፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ገናና የሆነው የአዲስ አበባ ሙዚቃም ከእነዚህ ክፍሎች በወጡ ተጫዋቾች ትከሻ ላይ ቆመ።

ከእነዚያ አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። እኚህ ሰው ሳክስፎን ይዘው የነፉት ሽለላ ነው። በድምፅ የሚፎከረውን፣ የጀግናውን ቁጣና ኩራት፣ ወደ ነሐስ መሣሪያ አሻገሩት፤ በኋላም የዓለም ጃዝ አድማጮች በአድናቆት ተቀበሉት። ከውጭ የመጣ መሣሪያ በደንብ የተማረ ሰው እጅ ሲገባ የሀገሩን ዜማ ይናገራል። እንግዲህ የሀገሩ መሣሪያ የዚያኑ ያህል መምህር፣ ደመወዝና ሰዓት ቢሰጠው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ለሳክስፎኑ የተደረገው ለዋሽንቱ አልተደረገም።

ሙከራ አልነበረም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ግብፃዊ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርቱ፣ በየክፍለ ሀገሩ በየፊናቸው ይጫወቱ የነበሩትን ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከት፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ አገናኟቸው። በኋላ ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራውን መርተው ለሰፊው ሕዝብ አስተዋወቁት። እስከዚያ ድረስ ዋሽንት በአብዛኛው ለብቻው ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር የሚነፋ ነበር። ከክራርና ከማሲንቆ ጋር አብሮ ሲሰለፍ ግን ከእነሱ ጋር መስማማት ግድ ሆነበት፤ ነፊዎችም በከፍታ የተለኩ ዋሽንቶች መያዝ ነበረባቸው። ከዚህ ኦርኬስትራ ጋር ስማቸው የሚነሳው ዮሐንስ አፈወርቅ ዋሽንት ለብቻው መድረክ መሙላት እንደሚችል አሳይተዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም ለኦርኬስትራ ከጻፏቸው ሥራዎች አንዱን «እረኛው ባለ ዋሽንት» ብለው ሰይመውታል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ትምህርት ቤት ዋሽንትን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጋር ያስተምራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ዕድሜው የደረሰ፣ በፈተና ያለፈ ጥቂት ተማሪ ነው። ከንፈር፣ ጣትና ጆሮ ደግሞ በልጅነት ቢያዙ ይሻላል። ከሥር የሚመግበው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌለ ከላይ ያለው ብቻውን ምን ያህል ይጓዛል? የጃፓን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ሪኮርደር የሚባለውን ትንሽ የአውሮፓ ዋሽንት ያስነፏቸዋል። ሁሉም ሙዚቀኛ አይሆንም፤ ሙዚቃን የሚያውቅ አድማጭ ግን ይሆናል። እኛ ደግሞ ሪኮርደር መግዛትም አያስፈልገንም። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት።

አንዳንድ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ሥጋት አላቸው፤ ሥጋታቸውም ይገባል። ዋሽንት ክፍል ውስጥ ገብቶ በኖታ ሲታሰር ነፍሱ ትጠፋለች ይላሉ። ዋሽንት ነፊ የሚያደርገው ጣትን ማርገብገብ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት፣ ትንፋሹን ማወዛወዝ፣ ዘፋኙ ቃሉን የሚሰብርበትን ቦታ ተከትሎ መሰበር፤ እነዚህ በአምስት መስመር ላይ በቀላሉ አይጻፉም። እውነት ነው። ግን መልሱ ከሀገር ቤት አለ። የአብነት ትምህርት ቤቱን ይመልከቱ። የዜማ ተማሪ ድጓ ሲማር ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ ነው፤ መሪጌታው ያዜማል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ሲስት ይመለሳል። ከፊደሉ በላይ የሰፈሩት ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረትና የመሳሰሉት ምልክቶች ደግሞ በጆሮ የገባውን ለማስታወስ ይረዳሉ። ጆሮ ይቀድማል፣ ጽሑፍ ይከተላል። ይህች ሀገር ሁለቱን ማጣመር ለብዙ መቶ ዓመታት አውቃበታለች። ዋሽንትም በዚሁ ሥርዓት ይሰጥ፦ ተማሪው ዜማውን መጀመሪያ በአፉ ያዚመው፣ ቀጥሎ ሐረግ በሐረግ ከመምህሩ ዋሽንት እየሰማ ይመልስ፣ ኖታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ለዚህ አንድ ምስክር አለው። የሰላም ጓድ አባል ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን ማሲንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ አጠገብ ተቀምጦ ነው። በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ቅኝት ያደገ ሰው በዚህ መንገድ መድረክ ላይ እስከ መቆም ከደረሰ፣ ዜማውን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማ ልጅማ እንዴት ያቅተዋል?

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ዋሽንት በከተማ ጆሮ የኀዘን መሣሪያ ብቻ ሆኗል። በሬዲዮ ትረካ ሥር፣ በግጥም ምሽት ጀርባ፣ በሐዘን ዜና መግቢያ ላይ ይሰማል፤ ሌላ ጊዜ ይረሳል። ትዝታ ላይ ያለው ኃይል አያጠያይቅም። ግን ይኸው መሣሪያ ቀረርቶ ያጅባል፣ እስክስታ ያስመታል፣ ለሠርግም ይነፋል። ልጆች ዋሽንትን የሚያውቁት በለቅሶ ዜማ ብቻ ከሆነ ለምን ሊማሩት ይፈልጋሉ? የመጀመሪያው ትምህርት ትከሻ የሚያነሳ ዜማ ቢሆን ጥሩ ነው።

ልጆች ሲባል ሴቶቹንም ይጨምራል። ዋሽንት በልማድ የወንድ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል፤ መስኩ የወንዶች ስለነበር እንጂ ሸምበቆው የሚጠይቀው የተለየ አካል ኖሮ አይደለም። ክፍሉ የሁሉም ስለሆነ ይህ ልማድ በቀላሉ የሚሻርበት ቦታም እሱ ነው።

ዋሽንት ስንል ደግሞ ሌሎቹን የትንፋሽ መሣሪያዎች መዘንጋት አይገባም፤ በየአካባቢው ያለው ትምህርት ቤት የአካባቢውን ቢያስቀድም ይበልጥ ያምራል። ደቡብ ውስጥ ደራሼዎች የሚጫወቱት ፊላ በርዝመት የሚለያዩ የቀርከሃ ቱቦዎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቱቦ ይዞ የራሱን ድምፅ በተራው ያስገባል፤ እየጨፈሩ ይነፋሉ፣ ዜማው የሚሞላው ከሁሉም ነው። በቤንሻንጉል በርታዎች ዋዛ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ከቅል ሠርተው በቡድን ይነፋሉ። በጥንት ጊዜ በመሳፍንትና በነገሥታት ፊት ይነፋ የነበረው እምቢልታም የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ነፊዎች ድምፃቸውን እያቀባበሉ ነው የሚያዜሙት። እነዚህ በግል ጥረት ወይም በስልክ ቪዲዮ የሚለመዱ አይደሉም፤ አብሮ መቆም ይጠይቃሉ። ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ትምህርት የት ይገኛል? አንድ ልጅ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ፣ የጓደኛውን እያዳመጠ ይነፋል፤ ደካማውም ጎበዙም አብረው ይገባሉ።

አሁን ምን ይደረግ? በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። አዲስ የትምህርት ዓይነት መፍጠር ሳያስፈልግ እዚያው ውስጥ ዋሽንት ሰዓት ሊሰጠው ይችላል። ትልቁ ጋሬጣ መምህር ነው። አብዛኛው የክፍል መምህር ዋሽንት አይነፋም፤ ዋሽንት የሚነፉት ደግሞ ብዙዎቹ የመምህርነት ዲፕሎማ የላቸውም። በወረቀት ምክንያት እነዚህን ሰዎች ከበር መመለስ ትልቅ ስህተት ነው። ወረዳዎች በአካባቢያቸው ያሉትን ነፊዎች በሰዓት ተከፋይ አድርገው ቢቀጥሩ፣ የክፍሉ መምህርም አብሮ ተቀምጦ ቢማር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትምህርቱ ራሱን ይችላል። ሽማግሌ ነፊዎች በሕይወት እያሉ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት ይኸው ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለገበያ የሚወጡ ብዙ ዋሽንቶች ለጌጥ የተሠሩ ናቸው፤ ያማሩ፣ የተቀቡ፣ ቅኝታቸው ግን የተዛባ። ልጅ በእንዲህ ያለ ሸምበቆ ሲጀምር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ጆሮውም ይበላሻል። ትምህርት ቤቶች ዋሽንት ከሚነፋ ሰው ዋሽንት ይግዙ፤ ለአንድ ክፍል የሚሆነው ሁሉ በአንድ ቅኝትና በአንድ ከፍታ የተሠራ ይሁን፤ አለበለዚያ አርባ ልጅ በአርባ ከፍታ ሲነፋ መምህሩም ተማሪውም ተስፋ ይቆርጣሉ። መሣሪያው አፍ የሚነካ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ይኑረው።

ከሀገር ውጭ ያሉ ቤተሰቦችም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደሉም። ተስፋዬ ለማ የሕይወታቸውን የመጨረሻ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ሲያሳልፉ የሀገራቸውን ሙዚቃ እዚያም አልተዉትም። በዚያ ከተማ፣ በቴል አቪቭም ሆነ በለንደን ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ፊደል የሚያስቆጥሩ ወላጆች ከፊደሉ ጎን አንድ ሸምበቆ ቢያስቀምጡ፣ አማርኛው ገና ያልተፍታታለት ልጅ እንኳን በባቲ ወይም በትዝታ ሊናገር ይችላል። ዋሽንት ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ይዞ ለመሄድ አይከብድም።

የጎረቤትዎ ልጅ ዋሽንት መንፋት ጀምሮ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ቢሰሙ አይገሥጹት። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ከሆኑ፣ ለመጪው የትምህርት ዘመን በአካባቢዎ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይጠይቁ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡት፣ የልፋቱንም ይክፈሉት።